ከሸክላ ድስት እስከ ሲር ላኻጽ

በዛሬው ጨዋታችን ስለ አንድ የማጀት ዕቃ እናነሳለን። ይኸውም እዚህ አገር «ሲር ላኻጽ» የምንለው፣ ክዳኑ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት ነው። «ስለ ድስት ደግሞ ምን ታሪክ አለ?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ ከቤት ቤት ስዞር፣ የወገናችን ታሪክ ከመዝገብ ይልቅ በማጀት ተቀምጦ አግኝቼዋለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ከገዛ ቤታችን፣ ከሻዓራይም ነው።

እንደሚታወቀው አባቶቻችን በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ርስታቸውን እንዳጡ ይተረካል። ርስት ያጣ ሰው በእጁ ሙያ ያድራል። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፣ ግንብ ገነቡ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር የምትርቀው ወለቃ በዚህ ሙያ ስሟ የታወቀ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጡን የሚሠራው ከእነዚህ ሴቶች እጅ በወጣ ድስት ነበር፤ ድስቱን ገዝቶ ሲሄድ ግን ሠሪዋን «ቡዳ» ይላታል።

አያቴ ከእነዚያ ሸክላ ሠሪዎች አንዷ ነበረች። ጭቃውን አብኩታ፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጇ ብቻ ታቆመዋለች፤ በጥላ አድርቃ፣ በለስላሳ ድንጋይ አሽታ፣ በእሳት ትተኩሰዋለች። ከዚያ በጣቷ ቆርቆር አድርጋ ታዳምጠዋለች። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይፈዛል። «እሳት ላይ ተጥዶ ሽሽ የሚል ድስት የተሰነጠቀ ድስት ነው፤ ቶሎ አውርጂው» ትል ነበር።

በግንቦት 1991፣ በእኛ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም.፣ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲጓጓዙ፣ እኔ በእናቴ ጀርባ የታዘልኩ ሕፃን ነበርኩ። የአያቴ ድስቶች እዚያው ቀሩ። እዚህ የጠበቃት የአሉሚኒየም ድስትና የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ካራቫን ውስጥ ከርመን በኋላ ሻዓራይም ገባን።

ዓመታት አልፈው ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ያዝኩ። በመጀመሪያ ደሞዜ ለአያቴ ሲር ላኻጽ ገዛሁላት። መረቀችኝና ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው። ወር አለፈ፤ አልተነካም። እኔም አፈርኩ። ለሌሎች እናቶች ስለ ዘመናዊ ኑሮ እያስረዳሁ፣ የራሴ አያት ከድስት ትሸሻለች! «ካልለመድሽው መቼም አትሠለጥኚም» አልኳት። ይህን ቃል ዛሬም ሳስበው ይቆረቁረኛል።

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ላሳያት ብዬ አወረድኩት። ክክ እስከ አፉ ሞላሁበት። ሰንበት ሊገባ ነው፤ ጊዜ የለም። ድስቱ ሽሽ ማለት ሲጀምር አያቴ «አውርጂው ልጄ!» አለች። ሳቅሁባት። የክኩ አረፋ ትንፋሽ መውጫውን ደፍኖት ኖሯል፤ ድምፁ ሲጠፋ የበረደ መሰለኝና ክዳኑን ታግዬ ከፈትኩት። ክኩ ጣሪያ ላይ ተለጠፈ፤ አጠገቤ የቆመችው እናቴ ክንዷ ተቃጠለ። አገር ቤት አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋል፣ ሰንበትን ቀዝቃዛ ምግብ ይበላል። ያን ሰንበት እኛም ዳቦና ውኃ በልተን ዋልን።

ሰንበት ሲወጣ አያቴ ድስቱን በእጇ አገላብጣ አየችውና «ይህ ዕቃ በየት ነው የሚተነፍሰው?» ብላ ጠየቀችኝ። ክዳኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መውጫ አሳየኋት። «አሃ! እንደ ጀበና ነዋ! የጀበና አፍ ከተደፈነ ቡናው ይገነፍላል። እስካሁን ይህን ሳትነግሪኝ ሽሽ የሚለውን ድስት አትፍሪ ትዪኛለሽ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። አያቴ የፈራችው ስለማታውቅ አልነበረም፤ ስለምታውቅ ነው። ስልሳ ዓመት ጆሮዋ የተማረውን እኔ አለማወቅ ብዬ ቆጠርኩት።

ነገሩን ሳነብ ያገኘሁትም የእሷን ጥያቄ ነው። ይህን ድስት በ1679 ለንደን ላይ የሠራው ዴኒ ፓፓን የተባለ ፈረንሳዊ ነው። የታፈነው እንፋሎት እንዳያፈነዳው ብሎ፣ ግፊቱ ሲበዛ ራሱ የሚከፈት ማስተንፈሻ አበጀለት። እሱም እንደ እኛ ስደተኛ ነበር፤ በ1685 የፈረንሳይ ንጉሥ የፕሮቴስታንቶችን መብት ሲሽር የመመለሻ በሩ ተዘጋበት፣ በድህነትም በሰው አገር ሞተ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሬሆቮት ለባሕር ጠለል ስለምትቀርብ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው ጎንደር ግን በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ቢያነዱት ውኃው ይተናል እንጂ አይግልም። ሽምብራና ባቄላ አገር ቤት እንጨት የሚጨርሱት ለዚህ ነው። ሲር ላኻጽ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል፤ ስለዚህ የሰዓታት ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል።

ከዚያ ወዲያ አያቴና ድስቱ ተግባቡ፤ ሕግ ያወጣችው ግን እሷ ናት። ጥራጥሬ ከግማሽ አያልፍም፣ ሌላው ከሁለት ሦስተኛ። እሳቱ ጠፍቶ፣ እንፋሎቱ ወጥቶ ሳያልቅ ክዳኑ አይነካም። ቁሌት ደግሞ በፍጹም በሲር ላኻጽ አይሠራም፤ ሽንኩርት ውኃው እየተነነ ቀስ እያለ መቁላላት አለበት፣ ታፍኖ ቢቀቀል ወጡ ወጥ አይሆንም። ዶሮውም ይበታተናል። «ለሥጋና ለሽምብራ ይሁን፤ ለቁሌት ትዕግሥት ነው» ትል ነበር።

ይህን ለየመናዊት ጎረቤታችን ባጫውታት ሳቀች። ሻዓራይም ከመቶ ዓመት በፊት በየመን አይሁድ የተመሠረተ ሰፈር ነው። የእሷ ወላጆች በ1949 ሲመጡ፣ ለልጅ ምን እንደሚበላ የምታስተምር ሴት ትላክባቸው ነበር አሉ። «እናቴ አዎን አዎን ብላ ትሸኛትና ኩባኔዋን ትጋግራለች» አለችኝ። ያ ሌሊቱን በዝግ ድስት፣ በቀስታ ሙቀት የሚበስል ዳቦ ዛሬ በየምግብ ቤቱ ይሸጣል።

ውድ አድማጮች፣ «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይባላል። ያ ስም ሲወረወርብን ለኖርነው ተረቱ ይጎመዝዛል፤ እኔ ግን ያን አርብ በአያቴ ላይ ያደረግሁት ይኸንኑ ነበር። ዛሬ አንዲት እናት አዲስ ዕቃ አልነካም ስትል «አልተላመደችም» ብዬ በወረቀቴ ላይ አልጽፍም። ቁጭ ብዬ፣ ቡና ጠጥቼ፣ «ምኑ አስፈራሽ እማማ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ልጆች ሆይ፣ እናንተም እናቶቻችሁን ከማስተማራችሁ በፊት ጠይቁ። አያቴ አርፋለች፤ ሲር ላኻጿ ግን በእናቴ ማጀት እስከ ዛሬ ይተነፍሳል።

ሰላም ሁኑ።