ወፏ ማን ናት?

የቀድሞ ተማሪዎቼ ስለ አውጫጭኝ ጻፍልን ስላላችሁኝ ዛሬ ትንሽ ልበል።

ድሮ በእኛ በጎጃምም ሆነ በሌላው አገር ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። ታዲያ ያየ ሰው በአደባባይ «እገሌ ነው» ካለ ደም መቃባት ይመጣል። ስለዚህ ለተመረጡ ሽማግሌዎች በምስጢር ይናገራል። ይህ ጠቋሚ «ወፍ» ይባላል።

ወፉን መደበቅ በቂ ምክንያት ነበረው። ግን ወፉ በእርሻ ድንበር የተጣላው ጎረቤት ቢሆንስ? ተጠርጣሪው ማንን ይጠይቃል?

ወፏ በ2001 በአዋጅ ተመልሳ መጣች። የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 አንቀጽ 23፣ የደኅንነት ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት ዘዴ ባይገለጽም ፍርድ ቤት በማስረጃነት ይቀበለዋል አለ። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 20፣ ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ስልኩ ተጠልፎ ይሁን ሰው ጠቁሞት ያልተነገረው ሰው ምኑን ይጠይቅ?

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሮይተርስ የአሜሪካን የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት አሠራር አጋለጠ። ከስልክ ጠለፋ የተገኘ ጥቆማ ለፖሊስ ይደርሳል፤ ፖሊሱ መኪናዋን በትራፊክ ጥፋት ሰበብ አስቁሞ ይፈትሻል። መዝገቡ ላይ ነገሩ ከትራፊኩ ይጀምራል። ጠለፋ መኖሩን ተከሳሹ አያውቅም፤ አንዳንዴ ዐቃቤ ሕጉና ዳኛውም አያውቁም።

ልዩነቱን ልብ በሉ። በአውጫጭኝ የሚደበቀው የወፉ ስም ነው። በአንቀጽ 23 ስሙም ዘዴውም ይደበቃል። በአሜሪካው ግን ወፍ መኖሩ ራሱ ይደበቃል።

አዋጅ 652 በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። ጥያቄው ግን አልተሻረም። እኔ እንደሚመስለኝ የምስጢር ጥቆማ ምርመራ ሊያስጀምር ይችላል፤ ሰው ሊያስፈርድበት ግን አይገባም። ክፍል ውስጥ ማንኛውንም የታሪክ ሰነድ ስታነቡ «ማን ጻፈው? እንዴት አወቀ?» በሉ የምላችሁ'ኮ ለፈተና ብቻ አይደለም። የሰው ዕድሜ የሚወሰንበት ወረቀት ላይማ ይበልጥ ጠይቁ።