ከፋብሪካው በፊት ገበሬው

በዳንግላ በኩል ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው ቡሬንና ፍኖተ ሰላምን ሳያይ አያልፍም። ምድሩ ለጋስ ነው፤ በርበሬው፣ ድንቹ፣ ማንጎውና አቮካዶው ምስክር ናቸው። ታዲያ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ይህን ያህል ዘመን ለምን ራቀው? መልሱ ከአፈሩ ይልቅ በታሪኩ ውስጥ ይገኛል።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው ብሎ አመፀ። መንግሥት ጦር ቢልክም በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢውን ለማንሳትና ውዝፉን ግብር ለመሰረዝ ተገደደ። በደርግ ዘመን ደግሞ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበያ ባነሰ ዋጋ እህሉን በኮታ ወሰደበት፤ ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው። ከከተማ የመጣ ገዢ ሁሉ ለዚህ ገበሬ የግብር ሰብሳቢ ወንድም ቢመስለው አይፈረድበትም።

ሁላችን የምናውቀው የመርቲ ቲማቲም ድልህ እንኳ በዚያ ዘመን በዋናነት ይመረት የነበረው ከላይኛው አዋሽ የመንግሥት እርሻዎች በሚገኝ ቲማቲም ነበር። መንግሥት ባለ እርሻም ባለ ፋብሪካም ስለነበር ከአነስተኛ ገበሬ ጋር መዋዋልን አልተማረም።

በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ የታቀደው ይህን ለመለወጥ ነው፦ እስከ መቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ምርት በገጠር ሽግግር ማዕከላት ተሰብስቦና ተለይቶ ወደ ፓርኩ እንዲገባ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ኪሎ ድልህ አምስት ስድስት ኪሎ ቲማቲም ይበላል፤ ስለዚህ ፋብሪካው የጉልት ገበያን ዋጋ ሊከፍል አይችልም። ዋጋ ሲወጣ ገበሬው ወደ ገበያ ይሄዳል፣ ሲወርድ ፋብሪካው ይሸሻል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ውልን ሕጋዊ ያደርጋል፤ መተማመንን ግን አያውጅም።

በኬንያ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ የሻይ ገበሬዎች ቅጠላቸውን የሚያስረክቡት ራሳቸው ባለ አክሲዮን ለሆኑባቸው ፋብሪካዎች ነው። ፋብሪካው ሲያተርፍ ድርሻ ስላላቸው የነገን ጥቅም ለዛሬ ገበያ አይሸጡም። የቡሬም ገበሬ ምርት አቅራቢ ብቻ ሳይሆን ባለድርሻ ቢሆን ያለፈው ቂም ይሽር ነበር።

የቀድሞዋ ወጀት ፍኖተ ሰላም የተባለችው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተቀሰቀሰው ጦርነት ግን የሰላሙን መንገድ የሥጋት መንገድ አደረገው። የበሰለ ቲማቲም የተዘጋ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም፤ እርቅም እንዲሁ ወቅት አለው።