ፊልም አጠባ፦ ከመቅደላ መስታወት እስከ ጋራው ታንክ

በአማርኛ «ፊልም ማጠብ» የሚለው አነጋገር አንድ ሥራ ብቻ የሚያመለክት ቢመስልም፣ ተከታትለው የሚፈጸሙ አራት ሥራዎችን በአንድነት የሚይዝ ነው። እነዚህም ብርሃን በፊልሙ ላይ የተወውን፣ ዓይን የማያየውን ስውር ምስል ዴቨሎፐር በተባለው መድኃኒት መግለጥ፣ የመድኃኒቱን ሥራ በደካማ አሲድ ወይም በውሃ ማስቆም፣ ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው በፊክሰር አሟሙቶ ማስወገድ፣ በመጨረሻም ቅሪቱን በንጹሕ ውሃ አጥቦ ማድረቅ ናቸው። የተለያዩ ጥቁርና ነጭ ፊልሞችን በአንድ ዕቃ አብሮ ማጠብ ይቻላል ወይ ለሚለው የቤት ውስጥ አጣቢዎች ጥያቄ መልሱ የሚገኘው በእነዚህ አራት ሥራዎች ታሪክ ውስጥ ሲሆን፣ ከታሪኩ ምዕራፎች አንዱ የተፈጸመው በወሎ ደጋ፣ ከወረኢሉ በስተ ሰሜን በሚገኘው በመቅደላ አምባ ነው።

በ1860 ዓ.ም በጄኔራል ናፒር የተመራው የእንግሊዝ ጦር የበሽሎን ወንዝ ተሻግሮ መቅደላ ሲደርስ፣ ከመሐንዲሶቹ ክፍል ጋር የዘመቱ ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው ነበሩ። በዘመኑ የተለመደው ዘዴ እርጥብ ኮሎዲዮን ይባል ነበር፤ በኤተርና በአልኮል የተበጠበጠ ሙጫ መሰል ፈሳሽ በመስታወት ላይ ፈስሶ፣ በብር ጨው ተነክሮ፣ ሳይደርቅ ፎቶግራፉ ተነሥቶ፣ ሳይደርቅም ምስሉ መገለጥ ነበረበት። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃዎች ማለቅ ስለነበረበት ፎቶግራፍ አንሺው ጨለማ ክፍሉን በድንኳን መልክ ይዞ መዞር ግድ ሆነበት፤ ኤተር ቶሎ የሚተን በመሆኑም ደረቁ የደጋ አየር ሥራውን ይበልጥ ያጣድፈው ነበር። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ መስታወት ለብቻው ከመታጠብ በቀር ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ከአምባው የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት በፎቶግራፍ አንሺዋ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት የተቀመጠው ለዚህ ዓይነቱ እርጥብ መስታወት ነው።

መቅደላ ከወደቀ በኋላ የነበሩት ሃያ ስምንት ዓመታት ለወረኢሉም ለፎቶግራፍም የለውጥ ዘመን ነበሩ። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በወሎ ያጸኗት ወረኢሉ በጥቅምት 1888 ዓ.ም የአድዋ ዘማች የሚከትባት ከተማ ለመሆን ስትበቃ፣ በሌላው ዓለም ደግሞ ሪቻርድ ማዶክስ እ.ኤ.አ. በ1871 ይፋ ያደረገው ደረቅ የጄላቲን መስታወት እርጥቡን ተክቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1888 የጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ ካሜራ ጥቅል ፊልምን ለተራው ሰው አድርሶ ነበር። ደረቁ ፊልም ከተነሣ ከሳምንታት በኋላ ሊታጠብ ስለሚችል፣ ማንሣትና ማጠብ ተለያዩ፤ በዚህም ሳቢያ ብዙ ፊልም አጠራቅሞ አብሮ ማጠብ የሚቻል ሆነ። በአዲስ አበባ የምኒልክ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ሙያውን የወረሱት ልጆቻቸው ሐይጋዝና ቶኒ የሠሩት በዚህ በተለወጠ ዘመን ነው።

በኋላ የመጣው ብርሃን የማያስገባ ታንክ፣ ፊልሞች በየመጠቅለያቸው ተደራርበው በአንድ መድኃኒት እንዲታጠቡ አደረገ፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ፊልም የራሱን ጊዜ መጠየቁን አልተወም። ለምሳሌ በኢልፎርድ አይዲ-11 ዴቨሎፐር፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ መድኃኒቱ ሳይቀጥን ኤችፒ5 ፕላስ 7 ደቂቃ ተኩል፣ ኤፍፒ4 ፕላስ 8 ደቂቃ ተኩል ይፈልጋል፤ ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ብቻ በመሆኑ ሁለቱን በ8 ደቂቃ አብሮ ማውጣት ብዙ አይጎዳም። መድኃኒቱ በእኩል ውሃ ሲቀጥን ግን ኤችፒ5 ፕላስ 13፣ ኤፍፒ4 ፕላስ 11 ደቂቃ ስለሚፈልጉ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ስለዚህ የፊልሞቹ መጣጣም የሚወሰነው በፊልሞቹ ዓይነት ብቻ ሳይሆን በመድኃኒቱና በቅጥነቱም ጭምር ነው።

ፊክሰር ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። ጆን ኸርሽል እ.ኤ.አ. በ1819 የብር ጨውን እንደሚያሟሟ ያስተዋለውና ከሃያ ዓመት በኋላ ለፎቶግራፍ ያዋለው ሃይፖ የተባለው ፊክሰር፣ ብርሃን ያልነካውን ብቻ መርጦ ስለሚወስድ፣ ፊልሙ ጥቂት ደቂቃ ቢቆይበት ምስሉን አያጠፋም። ደንቡም ወተት የመሰለው ፊልም ጠርቶ ብርሃን እስኪያሳልፍ ያለውን ጊዜ ለክቶ እጥፉን ማቆየት ነው፤ የተለያዩ ፊልሞች አብረው ሲገቡ ዘግይቶ የሚጠራው ለሁሉም ልክ ይሆናል። በዴቨሎፐር ለየራሳቸው የነበሩት ፊልሞች በፊክሰር ያለ ሥጋት አንድ ላይ ይሆናሉ።

ከባሕር ወለል ከ2,600 ሜትር በላይ በሆነው የወረኢሉ ደጋ ላይ ሁለት ነገሮች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። የመጀመሪያው ብርድ ነው፤ በብዙ ዴቨሎፐሮች ውስጥ ያለው ሃይድሮኪኖን ከ13 ዲግሪ በታች ሥራውን ሊያቆም ስለሚደርስ፣ ታንኩን ለብ ባለ ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ማቆየት ይገባል። ሁለተኛው ውሃ ነው፤ በጀሪካን ተቀድቶ ለሚመጣ ውሃ፣ ታንኩን ሞልቶ 5 ጊዜ መገልበጥና መድፋት፣ በአዲስ ውሃ 10 ጊዜ፣ እንደገና 20 ጊዜ መገልበጥ ከሚፈስስ ቧንቧ ሥር ከማጠብ በእጅጉ ይቆጥባል፤ ሥራውንም አያጎድልም።

ይህ የመጨረሻ እጥበት ከሁሉ ይልቅ ክብር ይገባዋል። በፊልሙ ላይ የቀረ ሃይፖ ከዓመታት በኋላ ምስሉን ያደበዝዘዋል፣ ቢጫም ያደርገዋል። የመቅደላ አምባና የልዑሉ ፊት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም ሊታዩ የቻሉት በጥድፊያ መካከል ፊክሰሩና ውሃው ተገቢ ጊዜያቸውን ስላገኙ ነው። በየፎቶ ቤቱና በየሣጥኑ ያሉ የጥቁርና ነጭ ነጋቲቮችም የወላጆችንና የአያቶችን መልክ የያዙ ናቸውና፣ የዛሬው አጣቢ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በጥንቃቄ እንደሚቆጥር ሁሉ የመጨረሻዎቹንም ሳይሰስት ሊቆጥር ይገባል።