በዝቋላ ማን በር ያንኳኳል?

ዝቋላ ስል አንድ ነገር ከጅምሩ ላጥራ። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን፣ አቦ የሚነግሡበትን ተራራ ማለቴ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ለአስር ሰው "ዝቋላ ልሄድ ነው" ብትሉ ዘጠኙ "ጸሎት አድርግልኝ" ነው የሚላችሁ። የኔ ዝቋላ ዋግ ኽምራ ውስጥ ነው፤ ከሰቆጣ ደጋ ተነስቶ ወደ ተከዜ የሚወርድ ወረዳ፣ ከተማው ጽጽቃ። አባቴ የተወለደው እዚያ ነው።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ የተማርኩትም ኢንጂነሪንግ። ስለ ሶሻል ወርክ እንዳነብ ያደረገኝ አንድ ፕሮጀክት ነው። የተቸገሩ ቤተሰቦችን የሚመዘግብ ሲስተም እየሠራን ሳለ ከተሰጠን ሰነድ ውስጥ አንድ መስመር ዓይኔን ያዘው፦ "ይህን ቅጽ የሚሞላው የቀበሌው ሶሻል ወርከር ነው"። የትኛው ሶሻል ወርከር? ያደግኩበት ቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ነበረች፣ የግብርና ባለሙያ ነበረ፣ ሊቀመንበር ነበረ። ሶሻል ወርከር የሚባል ሰው ግን አላውቅም። እና ወደ ኋላ ሄጄ ማንበብ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ በኛ ሲሆን "ዓ.ም." እላለሁ።)

ሙያው ራሱ የቆየ አይደለም። በ1889 ጄን አዳምስ ቺካጎ ውስጥ በስደተኞች ሰፈር ቤት ተከራይታ ከጎረቤቶቿ ጋር መኖር ጀመረች፤ ሐል ሐውስ የተባለው ቤት ነው። በ1898 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ለበጎ አድራጎት ሠራተኞች የክረምት ሥልጠና ተከፈተ፤ እሱ ነው አድጎ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የሆነው። የሥልጠናው መነሻ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ደግ ልብ ብቻውን አይበቃም። ሰው ቤት ገብቶ መጠየቅ፣ የሰሙትን በምስጢር መያዝ፣ የትኛው ችግር ወደ ሐኪም፣ የትኛው ወደ ፍርድ ቤት፣ የትኛው ወደ ሽማግሌ እንደሚሄድ መለየት፣ ከዚያም ተመልሶ "ምን ደረሰ?" ማለት የሚሠለጠንበት ነገር ነው።

እኛ ጋ የደረሰው ከገመትኩት ቀድሞ ነው። በ1959 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ በተባበሩት መንግሥታት እገዛ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። መጀመሪያ የሁለት ዓመት ዲፕሎማ ነበር፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ ዲግሪ አደገ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ራሱ የተቋቋመው በ1961 ነው፤ ማለትም ትምህርት ቤቱ ከዩኒቨርሲቲው ይቀድማል።

በዚያው ዘመን፣ ከ1964 ጀምሮ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ሳይመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ የማገልገል ግዴታ ነበረበት። አብዛኛው የተመደበው በአስተማሪነት ነው። የከተማ ልጅ ገጠሩን በዓይኑ ያየው ያኔ ነው፤ በኋላ ለመጣው "መሬት ላራሹ" ጩኸት ያ ዓመት የነበረው ድርሻ ትንሽ አይመስለኝም።

ከዚያ 1973 መጣ፣ የወሎ ረሃብ። ዋግ በዚያን ጊዜ የወሎ ጠቅላይ ግዛት አንድ አውራጃ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ፎቶ አንስተው መጡ፤ ግቢው ውስጥ አሳዩ፤ ተማሪው ተነሳ። በ1974 አብዮቱ ፈነዳ።

አብዮቱ ትምህርት ቤቱን ዘጋው። ምክንያቱ ሲነገር እንዲህ ነበር፦ ሶሻል ወርክ የካፒታሊዝም ቁስል መጠገኛ ነው፤ ሶሻሊዝም ቁስሉን ራሱን ስለሚያጠፋው ጠጋኝ አያስፈልግም። የቀረው ትምህርት ወደ ሶሲዮሎጂ ክፍል ተቀላቀለ። እኔ ይህን ክርክር ሙሉ በሙሉ አልንቀውም። ባላባት የሰበረውን ገበሬ በምክር አገልግሎት ማዳን አይቻልም፤ መሬቱን መስጠት ይሻላል። ግን ቁስሉ እስኪጠፋ ድረስ የሚደማውን ማን ይያዘው? ያን የሚመልስ ሰው የነበረ አይመስልም።

ጥያቄው ለመምጣት አስር ዓመት ብቻ ነው የፈጀበት። 1977 ዓ.ም.፣ እናቶቻችን "ሰባ ሰባት" ብለው ብቻ የሚጠሩት። ዋግ ያኔ የጦር ቀጣናም ነበር። ከዋግ፣ ከላስታና ከትግራይ ሰው በእግሩ ወደ ኮረም ወረደ። ቢቢሲ በጥቅምት 1984 ለዓለም ያሳየው ያንን መጠለያ ነው። እኛ ቤት ስለ ኮረም ብዙ አይወራም፤ ሲወራም በጉዞው ተጀምሮ ጉዞው ላይ ነው የሚያበቃው።

ኮረም ላይ ዶክተር ነበረ፣ ነርስ ነበረች፣ እህል የሚያከፋፍል ነበረ። የሶሻል ወርከር ሥራ የሚጀምረው ግን ከእህሉ በኋላ ነው። ይህ ልጅ የማን ነው? እናቱ የሞተችው እዚህ ነው ወይስ መንገድ ላይ? አጎት አለው? የአጎቱ አገር የት ነው? በወረቀት ይጻፋል፣ ይፈለጋል፣ ይገናኛል። ያኔ ይህንን በሙያ የተማረ አዲስ ትውልድ አልነበረም፤ የመጨረሻዎቹ ተመራቂዎች ከወጡ አስር ዓመት ሆኗቸዋል።

ወዲያው ደግሞ ሰፈራ መጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ ተወሰደ። ባል አንድ መኪና ላይ፣ ሚስት ሌላ መኪና ላይ የተጫኑበት አጋጣሚ ብዙ ነው። አሠራሩን በይፋ የተቃወመው የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በታኅሣሥ 1985 ከአገር ተባረረ። አሁን ስሙ፤ እኔ ዳታቤዝ የምሠራ ሰው ነኝ። 600,000 ሰው ስታንቀሳቅስ አስቸጋሪው ነገር መኪናው አይደለም። ማን ከማን ጋር እንደሆነ መያዙ ነው። ያ ዝምድና አንዴ ከጠፋ በኋላ የሚመልሰው ሶፍትዌር የለም፤ ቤት ለቤት የሚጠይቅ ሰው ነው የሚመልሰው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው፦ የመንግሥት ለውጥ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮች፣ ኤች አይ ቪ፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናት። ይህ ሁሉ የሆነው ሙያው ትምህርት ቤት ባልነበረው ጊዜ ነው።

በ2004 በሩ እንደገና ተከፈተ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ማስተርስ ጀመረ። የሚገርመው ከታች አለመጀመሩ ነው። መጀመሪያ ማስተርስ፣ በ2006 ፒኤችዲ፣ የመጀመሪያ ዲግሪው ከዚያ በኋላ። ከጣሪያ የተጀመረ ቤት ይመስላል፤ ግን ሌላ መንገድ አልነበረም፣ አስተማሪ ሳይኖር ማን ያስተምራል? አጋሩ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቺካጎ ነበር፤ ኮሌጁ በጄን አዳምስ ስም የተሰየመው ማለት ነው። መምህራን ከዚያ እየመጡ ጥቂት ሳምንት አስተምረው ይመለሱ ነበር። የመጀመሪያው ዲን ዶክተር አብዬ ጣሴ በዚያው ዘመን የዓለም አቀፉ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ፕሬዝዳንት ሆነዋል። ከዚያ ጎንደርን ጨምሮ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን ከፈቱ።

ሠላሳ ዓመት። በኛ ሥራ ዶክመንቴሽን ሳይተው የለቀቀ ቡድንን ኮድ መረከብ የሚባል ቅጣት አለ። እነዚህ ሰዎች የተረከቡት ከዚያም የባሰ ነው፤ ኮዱም አልነበረም።

ማስተርሱ በተከፈተ በዓመቱ፣ በ2005፣ ሴፍቲኔት ተጀመረ። ዝቋላም ሰቆጣም ገቡበት። መሥራት የሚችል እርከን ይሠራል፣ ውኃ ያቁራል፤ መሥራት የማይችል፣ ማለትም አረጋዊ፣ ሕመምተኛ፣ አካል ጉዳተኛ፣ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ጥሩ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ከስደት አድኗል። ግን ዝርዝር ዝርዝር ነው። ሲስተሙ ውስጥ አንዲት መበለት "የቤተሰብ ብዛት፦ 4" ተብላ ትገባለች። ትልቁ ልጅ ትምህርት አቋርጦ ከብት እየጠበቀ እንደሆነ፣ ልጅቷን ለመዳር ሽማግሌ እንደተላከ፣ ገንዘቡን የሚቀበለው የባሏ ወንድም እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም። ይህን ለመስማት ሁለቴ ሦስቴ ቤቷ መሄድ ያስፈልጋል። በአማራ ክልል ሊቦ ከምከምና ደዋ ጨፋ ላይ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎችን ሶሻል ወርከሮች እየተከታተሉ ከጤና መድኅንና ከትምህርት ጋር የሚያገናኙበት ሙከራ ተሠርቷል። እኔ የነገርኳችሁ ቅጽ ያ ዓይነት ሰው እንዳለ አስቦ ነው የተጻፈው።

ዋግ ስሟ ትልቅ ቦታ ተጠርቷል። በሐምሌ 2015 መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 ለማጥፋት ሲምል ሰነዱን "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" አለው። ሰቆጣ የመምህራን ኮሌጅ አላት፤ የደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከልም አላት። አፈሩን የሚያጠና አለ ማለት ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች ሰቆጣ ተጠለሉ። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለት ዓመት አለፈ፣ ድርቅም ተጨመረበት። የኮረም ጥያቄዎች እንደገና ተጠየቁ፦ ይህ ልጅ የማን ነው?

የአክስቴ ልጅ አሁን ሶሻል ወርክ ማስተርሷን እየተማረች ነው። የመስክ ሥራዋን ዋግ ላይ ልትሠራ ነው። ባለፈው ስልክ ደውላ ስለ ቅጹ ስትጠይቀኝ ነበር። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው የተዘጋጀው፤ የወረዳው ሪፖርት በአማርኛ ነው፤ እሷ የምታናግራቸው አሮጊቶች ግን የልባቸውን የሚያወሩት በኽምጣኛ ነው። "ኀዘን የሚለውን ቃል ሦስት ቦታ ስተረጉመው ሦስት የተለያየ ነገር ይሆንብኛል" አለችኝ። ሲስተሙ ድምፅ መቀበል ይችል እንደሆነ ጠየቀች። አሁን ጽሑፍ ብቻ ነው፣ በሚቀጥለው ዙር ላስገባው እሞክራለሁ አልኳት።

"እሺ፣ እስከዚያው ደብተር እይዛለሁ" አለችና ስለ ትራንስፖርት መጠየቅ ቀጠለች፤ ከሰቆጣ ጽጽቃ መኪና በሳምንት ስንት ቀን ይገኛል?