ላሟ ወዴት ሄደች? ስለ ወረታና ስለ ሩዟ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ፣ መንገዱ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚገነጠልበት ቦታ ላይ ወረታ አለች። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከደረሳችሁ ከተማዋን የምታውቋት በጆሮ ነው። የሩዝ መፈልፈያዎቹ ይጮኻሉ፣ በየግቢው ኩንታል ይራገፋል፣ የእብቅ ብናኝ ይበራል። ብዙ ሰው ወረታ ከጥንት ጀምሮ የሩዝ አገር ይመስለዋል። አይደለችም። ሩዙ በዕድሜ ከብዙዎቻችን ወላጆች ያንሳል።

ከዚያ በፊት የፎገራ ሜዳ የከብት ነበር። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው መሬቱን ያለብሱታል፤ ውሃ የሚተኛበት መሬት ደግሞ ለጤፍ አይሆንም። ለሳር ግን ይሆናል። ጥቁርና ነጭ ቡሬዋ፣ ቀንደ አጭሯ፣ በወተቷ የተመሰገነችው የፎገራ ላም ስሟን ያገኘችው ከዚህ ሜዳ ነው።

በ1970ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር)፣ በደርግ ጊዜ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ ይዘው መጡ። እርሻው የተጀመረው ጅግናና ሻጋ በተባሉ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው፤ ዛሬም ድረስ የሚዘራው ኤክስ-ጅግና የሚባለው ዘር ስሙ ከዚያ የመጣ ነው። ደርግ ወደቀ፣ ማኅበራቱ ፈረሱ፣ ሩዙ ግን ቀረ። ታሪኩ ውስጥ በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ማንም ሳያስገድደው ገበሬው ራሱ ያዘው። ውሃ ሲበላው የኖረ መሬት እህል መስጠት ጀመረ፤ ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆነ።

መፈልፈያዎቹ የመጡት ይሄን ተከትለው ነው። ባሕር ዳርም እኮ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የእሷ ጨርቃ ጨርቅ ግን በ1953 ከጣሊያን የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ መንግሥት የተከለው ነው። ወረታ ላይ እንዲያ ያለ አንድ ትልቅ ፋብሪካ አልመጣም። ነጋዴው በየግቢው ማሽን ተከለ፣ ግቢውም ገበያ ሆነ። ገበሬው አስፈልፍሎ እዚያው ይሸጣል፤ ጫኙም፣ አበጣሪዋም፣ ደላላውም፣ ሻይ የምታፈላዋም እንጀራቸው እዚያው ነው።

ማሽኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የኢንጂነር አመል ሆኖብኝ ነው። የተለመደው ቀላሉ መፈልፈያ አንድ የብረት ሲሊንደር ብቻ አለው። ሩዙ እዚያ ውስጥ እየተፋተገ ቅርፊቱም ከሥሩ ያለው ስስ ሽፋንም ባንዴ ይላጣል። ርካሽ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ይጠገናል። ግን ፍሬውን ይሰባብረዋል፣ ለከብት መኖ የሚሆነውን ፉርሽካም ከእብቁ ጋር ይቀላቅለዋል። በጎማ ሮለር የሚሠራው መጀመሪያ ቅርፊቱን ብቻ ያነሳል፣ ማጽዳቱ ከዚያ ይቀጥላል። የተሰበረ ሩዝ ከውጭ ከሚገባው ሙሉ ፍሬ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ማን እንደሚመረጥ ግልጽ ነው። ገበሬው ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ቆሞ የለፋበት ጥራት የሚጠፋው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች፣ ማሽኑ ውስጥ ነው።

እብቁ ደግሞ አለ። ካልተፈለፈለ 100 ኪሎ ሩዝ 20 ኪሎ ያህሉ ቅርፊት ነው። ሲሊካ ስለሚበዛበት ቶሎ አይበሰብስም፣ ለከብትም እምብዛም አይረባም። ስለዚህ ይከመራል፣ ይቃጠላል። ጭሱን የሚስበው የመፈልፈያው ጎረቤት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ ግን ላሟ ናት። የግጦሽ ሜዳው ሲታረስ ማሰማሪያዋ ጠበበ፤ ከሌሎች ዝርያዎች ጋር ስትዳቀልም ንጹሑ ዘር እየሳሳ ሄደ። ገበሬውን «ለምን አረስከው?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ እሱ ልጆቹን በወተት ብቻ አሳድጎ ያሳየን። ቢሆንም ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው እዚሁ ወረታ ሲሆን፣ የፎገራ ላም ዝርያዋ እንዳይጠፋ በምርምር ማዕከል የምትረባው ከሜዳዋ ርቃ፣ ባሕር ዳር አጠገብ፣ አንዳሳ ላይ ነው። ፎገራ የቀሩት ላሞች ደግሞ በበጋ ደጅ ላይ ታስረው የሩዙን ገለባ ይበላሉ።