የኋላ ማያ መስታወትና የለማጅ ነጂዎች ትምህርት፤ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

ማናቸውም መሣሪያ ሁለት ታሪክ አለው። አንደኛው መሣሪያው የተሠራበት፣ ሁለተኛው ሰው በመሣሪያው መጠቀምን የተማረበት ታሪክ ነው። መሐንዲሶች የመጀመሪያውን አዘውትረው ሲጽፉ ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል። በአገራችን ነጂዎች ዘንድ ከጣሊያንኛ በተወረሰ ስሙ «ስፖኪዮ» እየተባለ የሚጠራው የመኪና የኋላ ማያ መስታወት ግን በሁለቱ ታሪኮች መካከል ምን ያህል ዘመን ሊያልፍ እንደሚችል በግልጽ ያሳያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዛዊቷ የመኪና ተወዳዳሪ ዶሮቲ ሌቪት በ1909 ለሴት ነጂዎች ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ነጂዋ አነስተኛ የእጅ መስታወት በመኪናዋ ውስጥ እንድትይዝና አልፎ አልፎ ከፍ አድርጋ ከኋላዋ ያለውን መንገድ እንድትመለከትበት መክራ ነበር። መስታወቱ በመኪናው ላይ የተተከለ ባለመሆኑ፣ የምታየው ነጂ አስቀድማ ለማየት መወሰን ነበረባት። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ እንደምንመለከተው የትምህርቱ ሁሉ መሠረት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 30 ቀን 1911፣ አሜሪካዊው ሬይ ሃሩን በኢንዲያናፖሊስ የመጀመሪያው የ500 ማይል ውድድር ላይ ተሰለፈ። በዚያ ዘመን ተወዳዳሪዎቹ አጠገባቸው መካኒክ ያስቀምጡ ነበር። የመካኒኩ ተግባር ሞተሩን መከታተል ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላ እየተመለከተ የሚመጣውን ለነጂው መንገርም ነበር። ሃሩን ግን ብቻውን ስለ ተቀመጠ ተፎካካሪዎቹ «ለሁላችንም አደጋ ነው» ሲሉ ተቃወሙ። እርሱም ከፊቱ በብረት ዘንጎች ላይ መስታወት ተከለ፤ በሰዓት በአማካይ 120 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዳም አሸነፈ። ነገር ግን መንገዱ በጡብ የተነጠፈ በመሆኑ መስታወቱ ይንቀጠቀጥ እንደ ነበርና ብዙም እንዳላሳየው በኋላ ራሱ ተናግሯል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ከመኪናው ላይ የተነሣው የመካኒኩ ዓይን ብቻ አለመሆኑ ነው። መካኒኩ አደጋ ሲያይ ሳይጠየቅ ይናገራል። መስታወት ግን ካልጠየቁት አይመልስም። መካኒኩ ከወረደ በኋላ መቼ መጠየቅ እንደሚገባ ማወቅ የነጂው ብቻ ኃላፊነት ሆነ። ይህን ለነጂው የሚያስተምረው ግን ለብዙ ዘመን አልተገኘም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው የብሪታንያ ልምድ ነው። በ1931 የመጀመሪያው የመንገድ ሕግ መመሪያ በአንድ ፔኒ ዋጋ ለሕዝብ ሲቀርብ በአገሪቱ የነበሩት ተሽከርካሪዎች 2.3 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበሩ፤ ሆኖም በየዓመቱ ከ7,000 በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞቱ ነበር። ይህ መመሪያ የሚቀድም ነጂ ጥሩምባ እንዲነፋ ሲያዝ ስለ መስታወት አንድም ቃል አልጠቀሰም። በ1935 የመንጃ ፈቃድ ፈተና ለአዲስ ነጂዎች ግዴታ ሆነ።

ሥርዓት ያለው ትምህርት የተጀመረው በለንደን አቅራቢያ በሄንደን በነበረው የፖሊስ የመንዳት ትምህርት ቤት ነው። የቀድሞው ተወዳዳሪ ሎርድ ኮተናም በ1930ዎቹ መንዳትን በተራ የሚከናወኑ ተግባሮች ሰንሰለት አድርጎ አደራጀው። ከዚሁ ትምህርት ቤት ልምድ በመነሣት በ1955 በታተመው የፖሊስ ነጂዎች መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ መስታወት ከማርሽ ቅያሬ በፊት መጥቶ፣ ከዚያም በኋላ እንደገና ይደገማል። ለተራው ሕዝብ ግን «መስታወት፣ ምልክት፣ ድርጊት» የሚለው ተራ በመንገድ ሕጉ መመሪያ ውስጥ የገባው በ1960ዎቹ መጨረሻ በወጣው በአምስተኛው እትም ነው። ከሃሩን ድል እስከዚህ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል።

የተራው ምክንያት ቀላል ስሌት ነው። የፊተኛው መኪና በሰዓት 60፣ የኋለኛው 100 ኪሎ ሜትር ቢጓዙ በመካከላቸው ያለው ርቀት በየሴኮንዱ በ11 ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ 33 ሜትርም በ3 ሴኮንድ ያልቃል። ፍሬቻ ካበራ በኋላ መስታወት የሚመለከት ነጂ ውሳኔውን አስቀድሞ ወስኗል፤ መስታወቱ የሚነግረው የጥፋቱን መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ ለማጁ ምልክት ከማሳየቱ፣ አቅጣጫ ከመለወጡ፣ ፍጥነት ከመጨመሩም ሆነ ከመቀነሱ በፊት እንዲመለከት ይማራል። ፍሬን ከመርገጥ በፊት መመልከት የሚያስፈልገው ከኋላ ተጠግቶ የሚከተል ቢኖር ቀስ ብሎና አስቀድሞ ለመርገጥ ነው። የውስጡ መስታወት ዝርግ በመሆኑ ርቀትን ሳያዛባ ስለሚያሳይ አስቀድሞ ይታያል። ወደ ውጭ የጎበጠው የጎን መስታወት ሰፊ ቦታ ቢያሳይም፣ ነገሩን አሳንሶ የራቀ ስለሚያስመስለው ብቻውን አይታመንም። ሁለት ጊዜ መመልከትም የሚቀርበውን ፍጥነት ለመገመት ይረዳል፤ አንድ እይታ ቦታን እንጂ ፍጥነትን አይናገርምና።

ጥሩ አስተማሪ «መስታወት አየህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ምን አየህ?» ይላል። ለፈተና ብሎ አንገቱን የሚያዞር ለማጅ የመጀመሪያውን ጥያቄ በቀላሉ ያልፋል፤ ሁለተኛውን ግን ያየው ብቻ ይመልሰዋል።

መሣሪያው ዛሬም እየተሻሻለ ነው። በ1995 አሜሪካዊው ጆርጅ ፕላትዘር የጎን መስታወቶችን ወደ ውጭ ይበልጥ በማዞር ከነጂው የሚሰወረውን ቦታ ማጥበብ እንደሚቻል በጂኦሜትሪ አሳየ፤ ይህም ያለ አንዳች አዲስ ዕቃ፣ በማስተካከል ብቻ የተገኘ ጥቅም ነበር። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ አዲስ የሚሸጡ ቀላል ተሽከርካሪዎች የኋላ ካሜራ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። ካሜራውም ሆነ መስታወቱ የሚያገለግለው ግን አስቀድሞ ለማየት የወሰነን ሰው ነው። መሣሪያ የሚነድፍ ባለሙያ የአጠቃቀሙን ተራ አብሮ ካልነደፈ፣ ሥራውን በግማሽ ትቶታል ማለት ነው።