ባያስ ማስተካከያ የተጨመረበት ፌንደር ባስማን

ሞዴል 5ኤፍ6-ኤ፤ ፉለርተን፣ ካሊፎርኒያ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.)

ይህ አምፕሊፋየር ለቤዝ ጊታር ቢሠራም በአራቱ ባለ 10 ኢንች ስፒከሮቹ የተማረኩት የጊታር ተጫዋቾች ናቸው። ከፋብሪካ ሲወጣ ለሁለቱ የኃይል ቱቦዎች ግሪድ የሚደርሰውን ኔጌቲቭ 48 ቮልት ገደማ፣ ማለትም ባያሱን፣ የሚወስነው ባለ 56 ኪሎ ኦም ቋሚ ሬዚስተር ነበር። የቱቦ ጠባይ ግን ይለያያል። ኔጌቲቩ ቮልቴጅ ሲያንስ ቱቦው ከረንት ያበዛል፣ ፕሌቱ እንደ ፍም ይቀላል፣ ዕድሜው ያጥራል፤ ሲበዛ ድምፁ ይሰልላል።

ይህን ቮልቴጅ ለማስተካከል በካቻቢቴ የምትዞረውን ትንሽ ፖቴንሺዮሜትር ልብ ይበሉ፤ በስታኞ የተበየደችው ኋላ፣ በጥገና ጊዜ ነው። አብሯት በተከታታይ የታሰረው ሬዚስተር የባለሙያውን አስተዋይነት ያሳያል፤ እስከ መጨረሻው ብትዞር እንኳ ቱቦዎቹ ያለ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ አይቀሩም። ለእሷ ሲባልም ሻሲው አልተበሳም።